ከዳኛው ገንዳ ጀርባ

ረቡዕ ጠዋት ኬያ ሻንያል እንቅልፏ በደንብ ሳይለቃት ወደ ሳሎን ስትገባ እግሯ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥልቅ አለ።

«አባዬ! ኧረ አባዬ፣ ቤቱ ወንዝ ሆነ!»

«ቀስ በይ፤ ዓሦቹን ታስደነግጫቸዋለሽ» አሉ አባቷ። ጡረተኛው ዳኛ ኦምቢካ ሻንያል አንድ እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጥለው፣ በሌላው እጃቸው ከትልቁ የዓሣ ገንዳ ጀርባ ፎጣ ሊወትፉ ይታገላሉ። የሌሊት ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል።

ገንዳው አምስት ጫማ የሚረዝም፣ ወፍራም የመስታወት ገንዳ ነው። የቤቱ ደረጃ ጠባብ ስለሆነ የዛሬ ሦስት ዓመት መስታወቱ አንድ በአንድ በሸክም ወጥቶ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበር የተገጣጠመው። ከኋላው ለማጣሪያው ቱቦ ተብሎ ሁለት ቀዳዳ ተበስቶለታል፤ እያንዳንዱ የሩፒ ሳንቲም ያህላል። አሁን ማጣሪያው ተቃጥሏል፣ የቀዳዳዎቹ ጎሚኒ በስብሷል፣ ውሃውም ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አድሯል።

አባትና ልጅ ተረዳድተው ዓሦቹን አሸሹ። አሥራ አንዱ ወርቃማ ዓሦች የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ገቡ። «ጠበቃው» ግን ብቻውን የመታጠቢያ ገንዳው ተለቀቀለት። ጠበቃው የክንድ ግማሽ የሚያህል፣ ቡናማና ቀይ ዝንጉርጉር ዓሣ ነው። ስሙን ያወጡለት ዳኛው ናቸው፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፣ ከሌሎቹ ጋር ካዋሉት ደግሞ ደንበኞቹን ይበላል።

«እኛስ የት ልንታጠብ ነው?» አለች ኬያ።

«አንቺ ግቢ ውስጥ፣ እኔ እዚሁ ፎቅ ላይ፣ በባልዲ። አያቶቻችን እንደዚያ አልነበር የሚታጠቡት?»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዳኛው ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር መጫወት ይቀናቸዋል። አምና ግማሽ ጎናቸው ዝሎ ከተነሱ በኋላ ደግሞ ከፎቅ መውረድ ትተዋል። ስለዚህ ከእሑዱ የዓሣ ገበያ የተጠራው ጠጋኝ መጥቶ፣ ገንዳውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «ጌታዬ፣ መስታወት አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ይጣልና አዲስ ይግዙ» ሲላቸው እንግዳ አክባሪነታቸውን ረሱት።

«አንተ ራስህ ተጣል!»

ሰውዬው ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ ዳኛው ጠረጴዛቸው ጋ ሄዱ፣ ፖስት ካርድ አወጡ፣ አንድ መስመር ጻፉበትና ለልጃቸው ሰጧት። «ወደ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አስገቢልኝ።»

ኬያ አነበበችው። *ሁለቱን ቀዳዳ የከፈትከው አንተ ነህ። መጥተህ ድፈነው። ኦ. ሻንያል።* አድራሻው፦ ኒታይ ማይቲ፣ የመስታወት ሥራ፣ ሳልኪያ።

ጥግ ላይ ያለው ቀይ የፖስታ ሣጥን ጋ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት።

ኒታይ ገንዳውን ከሠራ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ውሃ ሊቀይር ይመጣ ነበር። እሱ በገንዳው በዚያ በኩል፣ እሷ የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ በዚህ በኩል፤ በመካከላቸው ውሃና ዓሣ። መጀመሪያ «እርስዎ» ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሠፈሩ ሰው መምህርት እንደሚጠራው «ዲዲሞኒ» አላት። አንድ ቀን ደግሞ ሳያስበው «አንቺ» አላትና በድንጋጤ ባልዲውን ደፋው። ያን ቀን ሁለቱም ወለሉን ሲያደርቁ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር።

ከዚያ ከኒታይ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ገጽ፣ ጨረቃና ሎተስ የሞላበት። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ሲል ጽሕፈቱን አየችው። መምህርት ናትና የሰው እጅ ጽሕፈት አይጠፋትም። ኒታይ የዓሣ ምግብ ዝርዝር ሲጽፍላቸው ፊደሎቹ እንደ አጥር እንጨት ተራርቀው ነበር የሚቆሙት። ይሄኛው ግን ክብ ክብ ያለ፣ የተሞናሞነ፣ የሴት እጅ ነው። ሴትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ እየሳቀች ስትጽፍለት ታየቻት። ኬያ መልስ አልሰጠችም። እሱም አንድ እሑድ ብቻ መጥቶ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ሌላ ሰው ላከና ቀረ። ከእሷ ሠፈር ወደ እሱ ሠፈር በጋንጋ ወንዝ ላይ የሚያሻግረው ጀልባ ስምንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሁለት ዓመት አለፈ።

አሁን ደግሞ ለጋብቻ የጠየቃት የፑኔ ከተማ ሰው አለ። መሐንዲስ ነው፣ ቤተሰቡ ጨዋ፣ ፎቶው ላይ ደህና ፈገግታ አለው። ምንም አይወጣለትም፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ቤተሰቦቹ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ።

ካርዱን ለቀቀችው። ሣጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ያሰማው ትንሽ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ወንዝና ተራራ ስታስተምር ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

እሑድ ጠዋት ኬያ ሰማያዊውን ሳሪዋን ለበሰች፣ አወለቀችው፣ የዘወትሩን ለበሰች፣ እሱንም አወለቀችና ሰማያዊውን መልሳ ለበሰች። የፊተኛውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ከወጥ ቤት በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

ዞር ስትል ኒታይ የመሣሪያ ከረጢቱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። በሁለት ዓመት ውስጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ሽበት ጣል አድርጓል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ሰው ሲያይ እንደ መስታወት ጠርዝ እየለካ የሚያይ።

«የፊተኛው በር ክፍት ነበር እኮ» አለችው።

«እኔ የማውቀው የጓሮውን ደረጃ ነው። እንደምን አሉ፣ ዲዲሞኒ? ጤናዎ ደህና ነው?»

*እርስዎ*። ኬያ ያቺ አንዲት ቃል እንዲህ ትከብዳለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ኒታይ ከዚያ በኋላ ያወራው ከገንዳው ጋር ብቻ ነው። ዳኛው ጋዜጣቸውን ዘርግተው ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። እሱ ባዶውን ገንዳ ከነማስቀመጫው ከግድግዳው አላቀቀ፣ የበሰበሰውን ጎሚኒ ነቀለ፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተጋገረውን አሮጌ ማጣበቂያ በምላጭ ፋቀ፣ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ ወለወለ። ይዞት ከመጣው መስታወት ሁለት ከመዳፍ የሚተልቅ አራት ማዕዘን ቆረጠ። መቁረጫው ሲሄድ ጭርር የሚል ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጥ ብሎ ተሰበረ። ጠርዙን በውሃ እያራሰ በድንጋይ አለዘበው።

«ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ የምትለጥፈው?» አሉ ዳኛው ከጋዜጣው ጀርባ።

«ከውስጥ፣ ክቡር ዳኛ። ከውጭ ከሆነ ውሃው ገፍቶ ያነሳዋል። ከውስጥ ከሆነ ግን ውሃው ራሱ ይጫነዋል።» ቀና ሳይል ቀጠለ። «ከውስጥ ሆኖ የሚጫን ሰው እፈልጋለሁ። እኔ ከኋላ ሆኜ አረፋ መኖር አለመኖሩን ማየት አለብኝ።»

ዳኛው ከዘራቸውን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

ኬያ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና በገንዳው ላይ አጎነበሰች። ግማሽ አካሏ ገንዳው ውስጥ ገባ። ኒታይ ሲሊኮን የሚባል ማጣበቂያ በዙሪያው የተቀባውን መስታወት ሰጣትና በገንዳውና በግድግዳው መካከል ገብቶ ተንበረከከ። የሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን ወጋት። በመስታወቱ ማዶ፣ ከፊቷ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ፊቱ ብቅ አለ።

«ወደ ግራ... ትንሽ... አሁን ይጫኑት። አሥር ደቂቃ አይልቀቁት።»

«አሥር ደቂቃ?»

«እጅዎ ከዛለ ይንገሩኝ።»

ድምፁ የመጣው ገና ባልተደፈነው በሁለተኛው ቀዳዳ በኩል ነው። ኬያ ቀዳዳውን አየች። አንገቷን ወደዚያ አዘነበለችና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትውጠው የኖረችውን ነገር በሹክሹክታ አወጣችው።

«ማን ናት የጻፈችልህ?»

«ምኑን?»

«ደብዳቤውን። የሴት እጅ ነው።»

የኒታይ ጆሮ ሲቀላ በመስታወቱ ውስጥ ታያት።

«የወንድሜ ሚስት ናት» አለ በመጨረሻ። «የጻፍኩትስ እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ጻፍኩት። ግን በየእሑዱ የልጆቹን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ስታርሚ አይሻለሁ። የኔን ደብዳቤ ስታነቢው ቀዩ እስክሪብቶ እጅሽ ላይ ታየኝ። አፈርኩ። እሷ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ ገልብጪልኝ አልኳት።»

*አንቺ* ብሏታል። እሱ አላስተዋለም። እሷ ግን ሰምታለች።

«ገልብጪልኝ ብቻ ነው ያልካት? ፊቴ ጨረቃ ነው የሚለውስ?»

«እሱ የሷ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ሎተሱም የሷ ነው። 'እንዲህማ ደረቅ ደብዳቤ ለሴት አይላክም' ብላ ጨመረችበት።»

«አንተ ምን ነበር ያልከው?»

«'ከእሑድ እስከ እሑድ ያለው ስድስት ቀን ይረዝምብኛል' ነው ያልኩት። ሌላ ብዙም አላልኩም።»

ኬያ ያቺን መስመር ታውቃታለች። በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለች፣ ከዚያ ሁሉ ጨረቃ መሀል የሱ የምትመስል ብቸኛ መስመር ነበረች። ስንት ቀን ከፍታ አንብባት ስንት ቀን ተናዳ ዘግታታለች! ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሲሊኮኑ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች።

«አንዲት ሴት አጠገብህ ቁጭ ብላ የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት፣ ኒታይ!»

«እኔ ደግሞ ለአባትሽ ያሳየሻቸው መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? ለአባዬ?»

«ሐሙስ ላክሁት። እሑድ ስመጣ ዳኛው 'ከዛሬ ጀምሮ በጓሮ ደረጃ ግባ፣ ሥራህን ስትጨርስ ሳትቆይ ውጣ' አሉኝ። ምን ልበል? መልሱ ይኸው አልኩ።»

«ማንም አላየውም! ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም።»

«እና እዚያው ነው ያለው?»

«የት እንዲሆን ነበር የፈለግኸው?»

ከሶፋው በኩል ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። «ተጣበቀ ወይስ አልተጣበቀም?»

«ገና ነው!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው።

አሥሩ ደቂቃ አልፎ ሃያ ሆነ። በመጨረሻ ሁለተኛውን ቀዳዳ መድፈን ግድ ሆነ። ኬያ መስታወቱን አንስታ ስታስጠጋ የኒታይ አመልካች ጣት በቀዳዳው ሾልኮ ወጣ፤ የተቦጫጨረ፣ ምላጭ ያሻከረው ጣት። በራሷ ጣት ጫፍ ነካችው። ከዚያ ጣቱን መለሰ፣ እሷም መስታወቱን ጫነችው፣ ድምፁም ተቋረጠ። ፊቱ ግን እዚያው ማዶ ነበር፣ እየሳቀ። ኬያ ክንዷ እስኪደነዝዝ ጫነችው፤ የዛለውም አልተሰማትም።

ኒታይ ሲሊኮኑ በሦስት ቀን ይደርቃል፣ እኔ ግን ሦስት ቀን አላምንም ብሎ እስከ ቀጣዩ እሑድ እንዳይነካ አስጠነቀቀ። ያን ሳምንት ኬያ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠበች ታዜም ነበር። ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ የአፍሪካን ካርታ ገልብጣ ሥላ ብታመጣ «ጎበዝ» ብላ ሙሉ ማርክ ሰጠቻት። ግን አባቷን ባየች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። የፑኔው ሰው ፎቶ አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ማክሰኞ ዕለት ዳኛው ረጅም ደብዳቤ ሲጽፉ አይታለች፤ ለማን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። ዝምታ ከአባቷ የወረሰችው ሀብት ነበር።

እሑድ ሲመጣ ግን ደረጃው ጫፍ ላይ አልጠበቀችም። ወርዳ የውጭው በር ላይ ቆመች። ኒታይ ወደ ጓሮው ሊታጠፍ ሲል ከረጢቱን ከትከሻው ላይ መንትፋ በፊተኛው ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

«ኧረ ዲዲሞኒ፣ መሣሪያዬ!»

«ከፈለግኸው ተከተለኝ።»

ተከተላት። ዳኛው ልጃቸው የሠራተኛ ከረጢት ተሸክማ፣ ሠራተኛው ከኋላዋ እየተቅለሰለሰ፣ በዋናው በር ሲገቡ አዩ። ጋዜጣቸውን አጠፉት።

ከገንዳው ሥር ደረቅ ጋዜጣ ተነጠፈ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወርድ እንድትታይ። ኒታይ በጎማ እስከ ግማሽ ሞላው። አንድ ሰዓት ተጠበቀ። ጋዜጣው ደረቅ ነው። እስከ አፉ ሞላው። ሌላ ሰዓት። ሦስቱም ወንበር ስበው ምንም በሌለበት ውሃ ላይ አፍጥጠው ተቀመጡ። ኒታይ ተንበርክኮ በመዳፉ ኋላውን ዳሰሰ። «እንደ አጥንት ደርቋል» አለ።

«ኒታይ» አሉ ዳኛው። «ስንት ዓመት ዳኛ እንደነበርኩ ታውቃለህ?»

«ብዙ ዓመት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ሲንሾካሾክ ብዙ ሰምቻለሁ። ግን ባዶ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የሚንሾካሾክ አላጋጠመኝም። ገንዳ እኮ እንደ ከበሮ ነው። ምን ምን እንደተባለ ልድገምልህ?»

ኬያ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ኒታይ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ለምን እንደያዘው ረስቶ ያጥፈዋል ይዘረጋዋል።

«አባዬ፣ እኔ...»

«ልጨርስ» አሉ። ድምፃቸው ግን የችሎት አልነበረም። «ያን እሑድ የጓሮውን ደረጃ ያሳየሁህ ደብዳቤ አይቼ አይደለም። ልጄ ደብተር ከፍታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ሳትገልጥ፣ አንተን ስታይ አይቼ ነው። ፈራሁ። የሻንያል ልጅ የመስታወት ሠራተኛ አገባች ሲባል ታየኝ። ከዚያ በኋላ ግን ይህች ቤት ምን እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ ትስቅ እንደነበር ረስቼው ነበር። በዚህ ሳምንት ስታዜም ስሰማ ነው ያስታወስኩት። ሰው ሳልሰማ ፈርጃለሁ።»

ኬያ ተነሳች። «የፑኔውን ሰው አላገባም፣ አባዬ። ኒታይን ነው የማገባው። እሱ ከፈለገ።»

«ከፈለገ ትላለች!» አለ ኒታይ ጨርቁን ጥሎ። ሌላ የሚለው ቢጠፋበት እንደገና «ከፈለገ!» አለ።

«ለፑኔዎቹ ማክሰኞ ጽፌላቸዋለሁ» አሉ ዳኛው። «ይቅርታ ጠይቄ። አሁን ከዘራዬን አምጪልኝ። በእኛ ደንብ የሴቷ አባት ነው የወንዱን ቤት የሚያንኳኳው።»

«አሁን? አባዬ፣ ከወረድክ እኮ ዓመት ሊሞላህ ነው!»

«ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምወርደው።»

ኒታይ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ክቡር ዳኛ፣ እናቴ...»

«እናትህ ምን?»

«እናቴ ቂም ይዛለች። ቀላል ቂም አይደለም።»

ዳኛው አሰቡበት። «የሚገባኝን ነው የያዘችው» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። በአንድ በኩል ልጃቸው፣ በሌላ በኩል የመስታወት ሠራተኛው ደግፈዋቸው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ኬያ በእያንዳንዱ ደረጃ ልቧ ውስጥ አንድ ነገር እየተፈታ ሲሄድ ተሰማት።

ጀልባው ላይ ነፋሱ የዳኛውን ነጭ ጸጉር ሲበትነው እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ሳልኪያ ግን ፈገግታ አልጠበቃቸውም።

የኒታይ እናት እማማ ቢንዱ ቆርቆሮ ከለበሰው መስታወት መሥሪያቸው ደጃፍ ተቀምጠው የመስታወት ጠርዝ በድንጋይ ይሞርዳሉ። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ሁለት ወንድ ልጆች ያሳደጉት በዚሁ ድንጋይ ነው። ቀና ብለው አዩ፤ አልተነሱም።

«እማዬ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ» አለ ኒታይ።

«እያየሁ ነው። በየትኛው ደረጃ ነው የሚገቡት? እኛ ጋ ያለው አንድ በር ብቻ ነው።»

ዳኛው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ወንበር የሚሰጣቸው ሲያጡ ከአሸዋ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ። «እመቤቴ፣ በድያለሁ» አሉ።

«እኔን ነው ልጄን?»

«ሁለታችሁንም።»

«የኔ ልጅ ያን እሑድ ከናንተ ቤት መጥቶ ሩዙን ሳይነካ ተኛ። ሦስት ቀን። አራተኛው ቀን ተነሥቶ 'እማዬ፣ እኛ የምንሠራው መስታወት ሳሎን ይገባል፣ እኛ ግን አንገባም' አለኝ። ይቺን ቃል ከልጄ አፍ ያስወጣ ሰው እኔ በምን አፌ ግባ ልበለው?» ድንጋዩን መለስ አድርገው መስታወቱ ላይ ጎተቱት፤ የሚያንሰፈስፍ ድምፅ አወጣ። «የሀብታም ጸጸት አንድ ሳምንት ነው። ከዚያስ?»

ኒታይ መሬት መሬት ያያል። እማማ ቢንዱ ወደ ኬያ ዞሩ።

«አንቺስ? ቤታችሁ ስንት ክፍል አለው?»

«ዘጠኝ፣ እማማ።»

«እዚህ ሁለት ነው። አንዱ የሰው ነው፣ አንዱ የመስታወት። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ነገር ይጮኻል። ብናኙ ሩዙ ውስጥ ይገባል። ትችይዋለሽ?»

ሁሉም «እችላለሁ» ትላለች ብለው ጠበቁ። ኒታይ ራሱ እንድትል በዓይኑ እየለመናት ነበር።

«አላውቅም» አለች ኬያ።

ድንጋዩ ቆመ።

«አይቼው አላውቅማ፣ እማማ። እችላለሁ ብልዎት ከመጀመሪያው ቀን መዋሸቴ ነው። ጩኸቱን አርባ ስምንት ሴት ልጆች በአንድ ክፍል አስተምራለሁና እለምደዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ብናኙን አላውቅም። ምናልባት አለቅስ ይሆናል፤ ምናልባት እርስዎንም አማርር ይሆናል።» ትንፋሿን ሳበች። «አንድ ነገር ግን ሞክሬ አውቀዋለሁ። ያለሱ መኖርን ሁለት ዓመት ሞክሬዋለሁ። እሱን አልቻልኩትም።»

ከዚያ እማማ ቢንዱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኬያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«አማርር ይሆናል አለችኝ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ሰማሃት? ገና ሳትገባ! አንተ ደግሞ ይቺን ነው በጨረቃ ልታታልል የሞከርክ?»

«ጨረቃው የኔ አልነበረም፣ እማዬ።»

«ዝም በል! ምን ደርቀህ ቀረህ? ሂድና እንደ ፈንዲሻ የፈነዳውን ሩዝ አምጣ። ሽማግሌውም ጀልባ ላይ ተንገላተዋል።»

የፈነዳው ሩዝ በሰናፍጭ ዘይት ታሽቶ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተነስንሶበት፣ በአንድ ትሪ መጣ። ዳኛ ኦምቢካ ሻንያል ቃሪያውን ሳያዩ ቆረጠሙትና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እማማ ቢንዱ ውሃ እያቀበሉ፣ «አይዞዎት፣ ይውጣልዎት» ሲሏቸው፣ ዳኛው እያሳሉም እየሳቁም ሁለተኛ እፍኝ ዘገኑ። ኒታይ በትሪው ማዶ ተቀምጦ ኬያን ያያታል። በዚህ ጊዜ በመካከላቸው ውሃም መስታወትም አልነበረም፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ሲነሡ ኬያ የእማማ ቢንዱን እግር ልትስም ጎንበስ አለች። አሮጊቷ እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። ስንት ዓመት ድንጋይና መስታወት ያሻከረው እጅ ነው፤ ሊያነሡት ሲሉ ጸጉሯ በጣቶቻቸው ስንጥቅ ተያዘ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳያምሽ፣ ልጄ» አሉ።

«አያመኝም» አለች ኬያ፣ እንዳጎነበሰች። እሳቸው ጸጉሯን አንድ በአንድ ሲያላቅቁ አልቸኮሉም። እሷም ቀና ማለት አላስፈለጋትም።